ባንዲራ ሲቀየር ጡረታ ማን ይከፍላል? ከአባቴ ማኅደር የተማርኩት

አባቴ ምፅዋ ወደብ ላይ ጸሐፊ ሆኖ የተቀጠረው ጥር 1935 ዓ.ም. ነው። ቀጣሪው የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ነበር። ጡረታ የወጣው ደግሞ ሰኔ 1976 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በደርግ ዘመን። በመካከሉ 41 ዓመት አለ። ሥራው ያው ነበር። መዝገብ መያዝ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ የገባውንና የወጣውን ዕቃ ማመሳከር። የሚቀያየረው ከመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ባንዲራ ነው።

ጡረታው ሲሰላ 41ዱ ዓመት መጀመሪያ 21 ሆኖ መጣ። ብዙ ተመላልሰን 31 አደረስነው። የቀረው ወደ 10 ዓመት ግን እስከ ዛሬ የማንም አይደለም።

ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስላልጠፉ ነው። አባታቸው አስመራ ወይም አሰብ የሠራ፣ አያታቸው በጣሊያን ጊዜ ያገለገሉ፣ እናታቸው የተተኪ ጡረታ፣ ማለትም ባል ሲሞት ለሚስት የሚቀጥለውን አበል፣ ጀምራ ወረቀት የጎደላት። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን ሒሳብ ስሠራ ነው የኖርኩት። ግን በዚህ ጉዳይ ብዙ ደጅ ጠንቻለሁ፤ ያየሁትን ልናገር።

መጀመሪያ ማኅደሩ። በ1976 አባቴ የጡረታ ቅጹን ሲሞላ አብሬው ሄጄ ነበር። የሠራተኛ አስተዳደሩ ባልደረባ የግል ማኅደሩን አወጣና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። ቀኑ 1955 ዓ.ም. ይላል። «የኔ አባት፣ እርስዎ እኮ የተቀጠሩት በ55 ነው» አለው። አባቴ መጀመሪያ የተሳሳተ ማኅደር የወጣ መስሎት ነበር። ስሙን አነበበ፤ የራሱ ነው። ፎቶውም የራሱ ነው። ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ በ45 ደመወዝ የበላው ማነው?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው መስከረም 1945 ነው። ፌዴሬሽኑ የፈረሰው ኅዳር 1955። ሲፈርስ የአባቴ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ሁሉ አዲስ ማኅደር ከፈተ። አሮጌው አስመራ አንድ መጋዘን ውስጥ ቀረ። አባቴ በ1967 ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር አብሮት የመጣው አዲሱ ብቻ ነው። ማንም በክፋት ያደረገው አይመስለኝም። ግን አንድ ሰው በ1955 «የቀድሞው ማኅደር ተያይዟል» ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ እኛ ያን ሁሉ ወራት አንንከራተትም ነበር።

ያዳነን እናቴ ናት። መዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ አጣጥፋ ያስቀመጠችው አንድ ደብዳቤ ነበር። በታይፕ የተጻፈ፣ ከአንድ አንቀጽ የማይበልጥ። እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል፤ ወይን ጠጁ ማኅተም ግን ይነበባል። አባቴ ከመስከረም 1945 ጀምሮ በነበረበት ደመወዝ፣ በነበረበት የሥራ መደብ፣ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሥር አገልግሎቱን እንደሚቀጥል ይገልጻል። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚያ ወረቀት 10 ዓመት ተመለሰልን።

ደብዳቤው ለምን እንደተጻፈ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 390 ፌዴሬሽኑን ሲያቋቁም ሥልጣኑን ከፋፍሎ ነበር። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድ፣ መገናኛና ወደቦች ለፌዴራሉ መንግሥት። የቀረው ለኤርትራ መንግሥት። ስለዚህ ምፅዋ ወደብ ላይ የሚሠራ ጸሐፊ በአንድ ቀን የአዲስ አበባ ሠራተኛ ሆነ። አስመራ የሚያስተምረው ወንድሙ የኤርትራ መንግሥት ሠራተኛ ሆነ። ሁለቱም ግን የዚያን ቀን ጠዋት ያው ወንበራቸው ላይ ነው የተቀመጡት። የእናንተም ሰው በዚያ ዘመን የሠራ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ለዩ። የፌዴራል ነበር ወይስ የኤርትራ መንግሥት? ማኅደሩ የሚፈለግበት ቦታ በዚህ ይወሰናል።

አሁን ወደ ጠፉት ዓመታት ልምጣ። ከጥር 1935 እስከ መስከረም 1945፣ 9 ዓመት ከ8 ወር።

አባቴ ለእነዚህም ማስረጃ ነበረው። በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ የተከፈለ የደመወዝ ወረቀት፣ እንግሊዛዊ አለቃው የፈረመለት የምስጋና ደብዳቤ። የተሰጠው መልስ አጭር ነበር። «ያኔ ቀጣሪዎ ሌላ መንግሥት ነበር።» አባቴ ደግሞ «ወደቡ እኮ ያው ወደብ ነው» ይል ነበር። ለእሱ ጉዳዩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር። አሁን ሳስበው እሱም ትክክል ነው።

ግን የማን ዕዳ ነበር? ይህን ለማወቅ ብዙ አነበብኩ። እንግሊዞች አስመራ የገቡት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1941 ነው። የገቡት ግን እንደ ሀገሩ ባለቤት አይደለም። በጦርነት የተያዘ ግዛት አስተዳዳሪ ናቸው፤ ባለአደራ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ኤርትራ የጣሊያን ሆና ቆየች። ጣሊያን መብቷን የለቀቀችው በፓሪሱ የሰላም ውል ነው። ውሉ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1947 ተፈረመ፤ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ነው። እንግዲህ አባቴን በ1935 የቀጠረው እንግሊዝ፣ የመሬቱ ባለቤት ጣሊያን፣ በመጨረሻ የተረከበችው ኢትዮጵያ ነች።

የሚገርመው ግን ለጣሊያን አገልጋዮች የታሰበበት መሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1952 በውሳኔ ቁጥር 530 ስለ ኤርትራ የገንዘብና የንብረት ጉዳይ ደንግጓል። እዚያ ውስጥ ስለ ጡረታ አንድ አንቀጽ አለ። የሰላሙ ውል ሥራ ላይ እስከዋለበት ቀን ድረስ የተሠራበትና ጣሊያን ያለባትን የሲቪልና የወታደር ጡረታ ጣሊያን መክፈሏን ትቀጥላለች ይላል። ለሊቢያም ከዚያ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ውሳኔ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ለጣሊያን መንግሥት ሠርቶ ጡረታ የተገባው ሰው ቢያንስ ዕዳው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ሰፍሮለታል። ሀገሩ ሲለወጥ ዕዳው ከቀጣሪው ጋር ሄደ ማለት ነው። ባለአደራው ለቀጠረው ለእኔ አባት ግን እንዲህ ያለ መስመር አላገኘሁም።

ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ጉዳቱን በቁጥር ላሳያችሁ። አባቴ ጡረታ የወጣው በቀድሞው ሕግ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን በ2014 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ በተተካው በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ስሌት ላድርገው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የደመወዙ አማካይ 30 በመቶ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሰው እናስብ። በ41 ዓመት አገልግሎት 68.75 በመቶ፣ ማለትም 5,500 ብር ያገኛል። በ31 ዓመት 4,500። በ21 ዓመት 3,500። ማኅደሩ በጎደለ በየ10 ዓመቱ በወር 1,000 ብር ይቀንሳል። ሰውየው እስኪሞት፣ ከዚያም ሚስቱ እስክትሞት። የተተኪ ሚስት ድርሻ የባሏ አበል 50 በመቶ ስለሆነ እሷም በየወሩ 500 ብር ታጣለች። ለጡረተኛ ይህ የመድኃኒት ገንዘብ ነው።

ሌላ ቦታ እንዴት እንደተደረገ ሳነብ በጣም የቆጨኝ የሆንግ ኮንግ ነገር ነው። እንግሊዝ ሆንግ ኮንግን ለቻይና ያስረከበችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1997 ነው። ግን የጡረታው ነገር ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1984ቱ የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ተነጋግረውበት ነበር። በኋላ የሆንግ ኮንግ መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 102 ላይ ገባ። ከርክክቡ በፊት ጡረታ ለወጡትም ጭምር፣ ለቤተሰቦቻቸውም፣ አዲሱ አስተዳደር ከቀድሞው ባላነሰ ሁኔታ ይከፍላል። ዜግነታቸው ምንም ይሁን፣ የትም ይኑሩ። «የትም ይኑሩ» የሚለውን ሳነብ አባቴን አሰብኩ። እንግሊዝም በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕግ አውጥታ ከውጭ ሄደው ያገለገሉ ሠራተኞች ጡረታቸው በፓውንድ ሲመነዘር እንዳይወርድባቸው ዋስትና ሰጠች። ማን ይከፍላል፣ ለማን፣ በየትኛው ገንዘብ፤ ሦስቱም ባንዲራው ከመውረዱ በፊት ተጽፈዋል።

በሌሎቹ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ግን ሁሉም ሰው ይህን አላገኘም። ከእንግሊዝ ሀገር ተልከው ያገለገሉት ሹማምንት እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ ሕግ ጡረታቸውን የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ወደ መክፈል ሄደ። የአገሬው ተወላጅ ጸሐፊ፣ ፖስተኛ፣ ነርስ ግን ከአዲሱ መንግሥት ጋር ቀረ። አዲሱ መንግሥት አቅም ካለው ጥሩ። ገንዘቡ ዋጋ ካጣ ጡረታውም አብሮ ዋጋ ያጣል። አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን የሠሩ ሰዎች ናቸው እኮ። ይህ ልክ አይደለም። ጡረታ ሠርተህ ያቆየኸው ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ በትውልድ አገር አይለይም።

«ዓለም አቀፍ ሕግ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኔም ጠይቄ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1983 ቪየና ላይ ስለ መንግሥታት መተካካት፣ ስለ ንብረት፣ መዛግብትና ዕዳ የሚደነግግ ስምምነት ወጥቷል። በቂ አገር ስላላጸደቀው ሥራ ላይ አልዋለም። ቢውልም ዕዳ የሚለው አንድ መንግሥት ለሌላ መንግሥት ወይም ለዓለም አቀፍ ድርጅት ያለበትን ነው። ጡረተኛ ግለሰብ ትርጉሙ ውስጥ የለም።

የእኛንም አገር ጉዳይ ተመልከቱ። ከ1990ው ጦርነት በኋላ በአልጀርሱ ስምምነት የኢትዮ ኤርትራ የካሳ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኤርትራ ካቀረበቻቸው ጥያቄዎች አንዱ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሠርተው የነበሩ ሰዎች ጡረታ ነበር። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2005 ውሳኔ ሰጠ። ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ስለ ፖለቲካው ክርክር አልገባም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት መንግሥታት ሲከራከሩ የጡረተኛው ማኅደር ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው አይሄድም። ባለበት ይቀራል።

አባቴ የሞተው ታኅሣሥ 1993 ነው። የአልጀርሱ ስምምነት የተፈረመበት ወር። እናቴ የተተኪ ጡረታ ልታስቀጥል ስትሄድ የጋብቻ ማስረጃ ተጠየቀች። ጋብቻቸው በ1942 አስመራ፣ እንዳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው የተፈጸመው። ያኔ ደግሞ ስልክ የለም፣ ፖስታ የለም፣ መንገድ የለም። «አስመራ ሄደው ያምጡ» ያላት ልጅ ክፉ አልነበረችም። ቅጹ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበችላት። እናቴ ግን ከቢሮው ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና «50 ዓመት አብሬው ኖሬ ሚስቱ አይደለሽም ተባልኩ» አለችኝ።

መፍትሔው ፍርድ ቤት ነበር። ያኔ አዲስ የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ማስረጃ ወረቀት ከሌለ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያ የሚያውቃቸው መሆኑን በምስክር ማስረዳት ይቻላል ይላል። የአድዋ ዘመዶቻችን መጡ፤ የሰፈር ሰዎችም መሰከሩ። አንዱ ሽማግሌ ሠርጉ ላይ የተበላውን ሁሉ ሳይቀር ለዳኛዋ ነገሯት። የሚስትነት ማረጋገጫው ወጣ። ይህን መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም። ወረቀት የለም ተብሎ ተስፋ የቆረጠ ብዙ አይቻለሁ። ተስፋ አትቁረጡ፣ ፍርድ ቤት ሂዱ።

እዚያው ላይ ሌላ ችግር ተነሳ። ስም። አስመራ ላይ ተስፋይ የተባለ ሰው አዲስ አበባ ሲመጣ ተስፋዬ ተብሎ ይጻፋል። የአባቴም እንዲሁ ሆኖ ነበር። የእንግሊዙ ወረቀት ሌላ፣ የ1945ቱ ደብዳቤ ሌላ፣ የጡረታ ደብተሩ ሌላ። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆነ። የፍርድ ቤቱን ማመልከቻ ስትጽፉ ሁሉንም አጻጻፎች አስገቡና የአንድ ሰው ስሞች መሆናቸው እንዲረጋገጥ አብራችሁ ጠይቁ። እኛ ይህን ስላላወቅን ሁለት ጊዜ መዝገብ ከፈትን።

ካየሁት ተነስቼ የምመክረው ይህን ነው። የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤን ከምንም በላይ ጠብቁ። ቀጥሎ መንግሥት ወይም መሥሪያ ቤት ሲለወጥ የተጻፈ «አገልግሎቱ ይቀጥላል» የሚል ወረቀት ካለ እንደ ወርቅ ያዙት። የዝውውር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ፣ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ቅጂ፣ በሽልንግም ይሁን በሊሬ የተከፈለ የደመወዝ ወረቀት አትጣሉ። «ድሮ ነው፣ ምን ያደርጋል» አትበሉ። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ በተረጋገጠ ኮፒ ሥሩ። ጥያቄ ሲኖራችሁ ደግሞ ቶሎ አመልክቱ። ይርጋ የሚባል የጊዜ ገደብ አለ፤ ካለፈ የቆየ ውዝፍ ይቀልጣል። መልስ በቃል ከተሰጣችሁ በጽሑፍ ይሰጠኝ በሉ። የአባቴ የ10 ዓመት ጥያቄ የተዘጋው በቃል ነው፤ ይግባኝ የምንልበት ወረቀት እንኳ በእጃችን አልነበረም። ይህ አሁንም ድረስ ያንገበግበኛል።

እናንተም በሕይወት እያላችሁ ማኅደራችሁን ሄዳችሁ እዩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቀን ስንት ነው? ጡረታ ልትወጡ አንድ ወር ሲቀር ሳይሆን ዛሬ።

ሐምሌ 2010 የአስመራ ስልክ ሲከፈት እናቴ 85 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያ ጥሪዋ ምፅዋ ላለች ጓደኛዋ ነው። ባሏ ከአባቴ ጋር አንድ ቢሮ ነበር፤ እሱ እዚያው ቀረ። 20 ዓመት ድምፅ አልተሰማሙም። መጀመሪያ ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ በመካከሉ የሞቱትን በየተራ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ስልኩ ለእኔ ተሰጠኝ።

«ልጄ፣ አንተ ወረቀት ታውቃለህ አሉኝ» አሉ። የባላቸው የኢትዮጵያ ጊዜ ደብዳቤዎች በሙሉ ቆርቆሮ ውስጥ አሉ። ከ1945 ጀምሮ። «አሁን ሰላም ሆኗል። የሚያይልኝ ይኖር ይሆን?»

የካሳ ኮሚሽኑን ውሳኔ አውቅ ነበር። ግን ያን ለሳቸው በዚያ ስልክ መናገር አልቻልኩም። «እማማ፣ አንዱንም ለማንም እንዳይሰጡ» አልኳቸው። «አንድ በአንድ አውጥተው ቀኑን ያንብቡልኝ፤ እኔ እጽፋለሁ።» እሳቸው አነበቡ፣ እኔ ጻፍኩ። ካርዱ ሁለት ጊዜ አለቀና ሁለቴ መልሼ ደወልኩ። 14 ደብዳቤ ነው። ዝርዝሩ አሁን ከአባቴ ወረቀቶች ጋር እኔ ዘንድ ተቀምጧል።